«ኢቨንቹዋሊ» ማለት «ምናልባት» አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከፖላንዳውያን ጋር በእንግሊዝኛ የሚጻጻፉ አንባቢዎቻችሁ «ኢቨንቹዋሊ» የሚለውን ቃል ሲያዩ ቆም ቢሉ ይበጃል። በፖላንድኛ «ኤቨንቱአልኒዬ» የሚባል መንትያው የሚመስል ቃል አለ፤ ፍቺው ግን «ምናልባት»፣ «ካልሆነም» ነው። የእንግሊዝኛው «ውሎ አድሮ»፣ «የኋላ ኋላ» ማለት ነው። የሁለቱም ቃላት ሥር አንድ ነው፤ ላቲን። ጀርመንኛውም ፈረንሳይኛውም ከፖላንድኛው ወገን ስለሆኑ፣ ያፈነገጠው እንግሊዝኛው ነው ቢባል ሐሜት አይሆንም።

ስህተቱ በብዛት የሚታየው በቀጠሮ ኢሜይል ላይ ነው። «ሰኞ እንገናኝ፤ ካልተመቸ ማክሰኞ» ለማለት «መንደይ፣ ኢቨንቹዋሊ ቱስደይ» ተብሎ ይጻፋል። እንግሊዛዊው «ሰኞ ተጀምሮ የኋላ ኋላ ማክሰኞ የሚያልቅ ነገር አለ እንዴ?» ብሎ ግራ ይገባዋል። «ኦር ፖሲብሊ ቱስደይ» ቢባል ነገሩ ያልቃል።

የሚከብደው ሌላው ነው። ፖላንድኛ «ፍ ኮንጹ» («በመጨረሻ») ብሎ የሚገላገለውን እንግሊዝኛ ይከፋፍለዋል። «ኢቨንቹዋሊ» ጊዜ ወስዶ ወይም እንቅፋት አልፎ ለሆነ ነገር ነው። «አት ላስት» ውስጥ «እፎይ» አለ። የዝርዝር መጨረሻ ሲሆን «ፋይነሊ» ነው፤ ስለዚህ በወጥ አሠራር መመሪያ ላይ የመጨረሻውን እርምጃ «ኢቨንቹዋሊ ጨው ጨምሩ» ማለት አያስኬድም።

በዓረፍተ ነገር ውስጥ የ«ኢቨንቹዋሊ» ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ግሥ በፊት ነው፤ ረዳት ግሥ ካለ ከረዳቱ ቀጥሎ፦ «ሺ ዊል ኢቨንቹዋሊ ፓስ»፣ ውሎ አድሮ ታልፋለች።

ከአንድ የእንግሊዝኛ መምህር