አንዲት ላም ስንት እስር ድርቆሽ ትገዛለች?

ያቤሎ፣ ግንቦት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፤ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እናታችንስ ደኅና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገርነው በጥር 2014፣ እዚህ ቦረና ድርቁ ሲበረታ ነበር። «ከሱሉልታ አንድ አይሱዙ ድርቆሽ ልጫንልህ፣ ገንዘቡን ሲመችህ ትከፍለኛለህ» አልከኝ፤ እኔም «ነገ እደውልልሃለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ፤ ያ ነገ እስከ ዛሬ አልደረሰም። ኩራት እንዳይመስልህ። ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ ዕዳህን የምከፍልባቸው ከብቶች ከሳሩ ቀድመው ሊያልቁ እንደሚችሉ ታየኝ፤ ይህን ላንተ መናገር ደግሞ አፈርኩ።

ስሌቱን አንተም ታውቀዋለህ፤ ሐዋሳ ሳለን አብረን የተማርነው ነው። ያን ጊዜ 42 ከብት ነበረኝ። የከሳች ላም ነፍሷን ለማቆየት ብቻ በቀን 4 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ብትቀርብላት፣ ለሁሉም 168 ኪሎ ያስፈልጋል። ነጋዴው አንዱ እስር 15 ኪሎ ይመዝናል ስላለኝ፣ በቀን 11 እስር ይበቃኛል ብዬ ተነሣሁ። ሁለት ሳምንት እንደ ቆየሁ ከብቶቹ ሆዳቸው እየተነፋ ጀርባቸው ግን ይሰረጉድ ጀመር፤ ግራ ቢገባኝ ከጎረቤት የቡና ሚዛን ተውሼ እስሩን ሰቀልኩት፤ 11 ኪሎ ሆነ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ያው ነበር። ሽቦውን ስፈታው ውስጡ ላላ ያለ፣ ፍሬውን አራግፎ የጨረሰ አገዳ ሆኖ አገኘሁት፤ መካከሉ ላይ እፍኝ የሚያህል ሻጋታ ነበረበት። በየቀኑ 44 ኪሎ፣ የ11 ከብት ቀለብ፣ በወረቀት ላይ ብቻ ሲበሉ ከርመዋል ማለት ነው። ለነጋዴው ስነግረው «እኛ የምንሸጠው በእስር ነው፣ በኪሎ አይደለም» አለኝ፤ እውነቱን ነው፤ ያጠፋሁት ሳልመዝን የገዛሁት እኔ ነኝ።

የዋጋውን ነገር በብር አልነግርህም፤ ብሩ ራሱ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ነገሩን አያሳይም። እኔ ከብቴን በእስር መቁጠር የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። በ2013 መስከረም አንዲት ጊደር ብሸጥ ከ90 የማያንስ እስር ትገዛልኝ ነበር። በ2015 ጥር፣ ያውም ከዚያች ጊደር የተሻለ አጥንት የነበራት ወላድ ላም ሸጬ የገዛሁት 9 እስር ብቻ ነው። ያን ጊዜ የቀሩኝ 19 ስለነበሩ፣ የእናታቸው ዋጋ ለአንድ ቀን ተኩል እንኳ አልበቃቸውም። መኖ የሚወደደው ከብት በሚረክስበት ቀን ነው፤ ሁሉም ሰው አንድ ቀን ላይ ሸጦ አንድ ቀን ላይ ስለሚገዛ ሁለቱ ዋጋዎች እንደ መቀስ ይተላለፋሉ፤ የሚቆረጠው መካከላቸው ያለው ነው።

ይህን የምጽፍልህ የሱሉልታን ገበሬ ለመውቀስ አይደለም። ሜዳው ላይ በጥቅምት አጭዶ ሲሸጥ ያገኘው ገንዘብ እኔ ከከፈልኩት ስንተኛው እንደሆነ አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ። የአዲስ አበባ ወተት ላሞችና የደለቡ በሬዎች ያንኑ ሳር ይሻማሉ፤ ከዚያ የተረፈው ከ570 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው፤ ሐምሌ 2014 ላይ የነዳጅ ድጎማ መነሣት ሲጀምር ጭነቱ ሌላ ሸክም ጨመረ። ፉርሽካና ፋጉሎማ (ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው መኖ) የሞጆና የአዳማ ሰው እንጂ የእኛ አልነበሩም። ከብቶቹ በደንብ እንዲፈጩት ጭድ በዩሪያ ማዳበሪያ ማከምም ሞከርኩ፤ ትዝ ይልሃል፣ ለአንድ ኩንታል ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በ80 ወይም በ100 ሊትር ውሃ በጥብጦ ሦስት ሳምንት ማፈን ነው። መምህራችን ያላሰቡት ነገር ቢኖር ውሃው በቦቴ ተገዝቶ የሚመጣበት አገር መኖሩን ነው። ያን ውሃ ጭድ ላይ ከማፍሰስ ለከብቶቹ ማጠጣቱ ይሻል ነበርና አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሬ ተውኩት።

ከ2013 ሐጋያ እስከ 2015 ሐጋያ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ (ሐጋያ የምንለው የጥቅምትና የኅዳሩን ዝናብ ነው፤ ሌላው ዝናባችን ከመጋቢት ጀምሮ የሚመጣው ነው)። ሦስተኛው ሲከሽፍ፣ አንተ በደወልክልኝ ሰሞን፣ ግማሹን መሸጥ ነበረብኝ፤ ያን ጊዜ ገና ሥጋ ነበራቸው። ያልሸጥኩት የሚቀጥለው ይዘንባል ብዬ ነው፤ ሁላችንም እንዲያ ብለናል። ደግሞ ጎረቤቴ ወድቃ ያልተነሣች ላሙን በጅራቷና በቀንዷ ይዞ ለማንሣት ሲታገል እያየሁ፣ አጥር ዘልዬ ካገዝኩት በኋላ ተመልሼ ለራሴ ከብቶች ድርቆሽ መፍታት አቃተኝ፤ ብዙ ጊዜ ከመሸ በኋላ ተደብቄ ነው የመገብኳቸው፤ ከዚያች ሌሊት ድርቆሽ ላይም ለእሱ የደረሰው ጥቂት ነው።

አሁን 11 ቀርተውኛል። መጋቢት ላይ ዝናቡ መጣ፤ ጎርፍም ይዞ ስለነበር ደካሞቹን ሁለት ጥጆች ብርዱ ጨረሰብኝ። ይሁን እንጂ ለጥጆች ብለን አጥረን የምናቆየው ካሎ ዛሬ ከጉልበት በላይ ሳር አብቅሏል፤ የሚበላውም ከብት ስላነሰ ብዙው ቆሞ ሊደርቅ ነው። በዚህ ሳምንት አበባ ማውጣት ጀምሯል፤ ፍሬውን ሳያራግፍ በዚህ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ካላጨድኩት፣ ያ ነጋዴ የሸጠልኝን ዓይነት አገዳ ራሴ አምርቼ መከመሬ ነው።

ስለዚህ የሱሉልታን ድርቆሽ ሳይሆን የሱሉልታን እጅ ልለምንህ ነው የጻፍኩት። አባትህ ሳሩን እየረገጡ የሚያስሩበት የእንጨት ሣጥን ነበራቸው፤ ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን ለክተህ ብትልክልኝ እዚህ ያለው አናጺ ይሠራዋል። ሁለት ጥሩ ማጭድም ወደ ሞያሌ በሚወርድ መኪና ላክልኝ፤ ያቤሎ መናኸሪያ ላይ እቀበላለሁ። ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደሚቆይና በስንተኛው ቀን እንደሚገለበጥም እናታችንን ጠይቅልኝ፤ የእሳቸው ድርቆሽ አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ የሚደርቅበትን ዘዴ በኮሌጁ ማንም አላስተማረንም።

ስልኬ ያው የድሮው ነው። ብትደውል በመጀመሪያው ጥሪ አነሣለሁ።

ወዳጅህ