የድጋፍ ጥሪ፦ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ዝም እንዳትል

ሰላም ጎረቤቶች፣ ሰላም ርቃችሁ ያላችሁ የሰፈራችን ልጆች።

ሰፈራችን ውስጥ አንዲት የ9 ዓመት ልጅ አለች። አታይም፣ አትሰማም። ስሟን የማልጽፈው እናቷ ስለማይፈልጉ ነው። እናቷን በነጠላቸው ጠረን ትለያለች። ቡና ሲቆላ በሽታው አውቃ ትነሳና አጠገባቸው ትቀመጣለች።

የምልክት ቋንቋ የተማረ አንድ ወጣት ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ በነፃ ያስተምራታል። በጣቶቹ ፊደል ይሠራል፤ እሷ እጇን እጁ ላይ አድርጋ እየዳበሰች ታነበዋለች። የጣቶቹ ቅርጽ የፊደሉን ቤት ይነግራታል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ደግሞ የእጁ እንቅስቃሴ። «ቡና» ሁለት ፊደል ብቻ ነው። አንድ ማክሰኞ ቡናው ሲሸታት የእናቷን እጅ ፈልጋ ያዘችና ሁለቱን ፊደሎች ሠራችላቸው። እናቷ ግን አልገባቸውም። ሮጠው መጥተው ጠሩኝ፣ እኔም አልገባኝም። ምን እንዳለች ያወቅነው ቅዳሜ ወጣቱ ሲመጣ ነው። ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሔለን ኬለርን ብዙዎቻችን እናውቃታለን። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ በ1880 እ.ኤ.አ. ተወለደች፤ በ19 ወሯ ታማ ዓይኗንም ጆሮዋንም አጣች። በ1887 አስተማሪዋ አን ሰሊቫን አንድ እጇን ውሃ እያስነካች በሌላው እጇ ላይ «ውሃ» ብላ ስትጽፍላት ገባት። ይህን ሁሉም ያወራዋል። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አን በ1936 እስክታርፍ ድረስ 49 ዓመት ከጎኗ አልጠፋችም። ኬለር ኮሌጅ ስትማር የክፍሉን ትምህርት እጇ ላይ እየጻፈች ያስከተለቻት እሷ ነበረች። የኛዋ ልጅ ያላት በሳምንት አንድ ቀን ነው።

እድራችን ከድንኳን ማስቀመጫው ጎን ያለችውን ክፍል ሰጥቶናል። ቀለም ቀብተናታል፣ ምንጣፍም ተገኝቷል። የጎደለን ደመወዝ ነው። በየቀኑ የሚመጣ አንድ አስተማሪ ለአንድ ዓመት መቅጠር እንፈልጋለን። ቀን ልጅቷን ያስተምራል፤ ማታ ደግሞ እናቷን፣ ወንድሞቿንና የፈለገ ጎረቤትን ሁሉ። ማየትና መስማት የተሳነው ልጅ ቤት ተደብቆ እንዳለ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩን። ክፍሏ ለእሱም ትሆናለች።

ገንዘቡን የእድሩ ገንዘብ ያዥ በደረሰኝ ይቀበላሉ። ሂሳቡ በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል። ውጭ ያላችሁ በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩልን። 50 ብርም ብትሆን ትልቅ ናት፤ በየወሩ ብትሆን ደግሞ የበለጠ ትረዳናለች፣ ደመወዝ በየወሩ ነውና የሚከፈለው።

ለጊዜው እጁ ያጠረበት ሰው መጥቶ ፊደሉን ይማርልን። አስተማሪው እስኪቀጠር ወጣቱ ቅዳሜ ከሰዓት በ9 ሰዓት ጎረቤት ሊያስተምር ተስማምቷል። እናቷና እኔ ጀምረናል።