የሳይ-ፋይ ክበባችን ዘንድሮ ምን ሠራ?

መጀመሪያ ቁጥር ቁጥሩን ተናግሬ ልገላገል። በ11 ልጆች ጀመርን፣ መሃል ላይ 6 ቀርተን ነበር፣ አሁን 23 ነን። ማክሰኞ ማክሰኞ ከክፍል በኋላ ተሰብስበናል፣ ሰብሳቢና ጸሐፊ ተመርጧል፣ ቃለ ጉባኤው እኔ ጋ አለ፣ ማየት የሚፈልግ ይምጣ።

አሁን ወደ ዋናው። ስታፍ ሩም ውስጥ "የናንተ ክበብ ደሞ ፊልም ከማየት ሌላ ምን ይሠራል?" እየተባልኩ ነው የከረምኩት። አልዋሽም ፊልም አይተናል፣ ሁለቴ፣ ሁለተኛው እንደውም መብራት ጠፍቶብን ግማሹ ላይ ቀረ። ግን ይሄ የፊልም ክበብ አይደለም። በሳይንስ ፊክሽን (ሳይ-ፋይ የምንለው፣ በሳይንስ ላይ የተመሠረተ ልብ ወለድ) አለም አድናቂ የሚባለው አንብቦ መጽሐፉን ከድኖ የሚተኛ ሰው ሳይሆን ላነበበው ነገር መልስ የሚጽፍ ሰው ነው። ነገሩ የተጀመረውም በደብዳቤ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1926 ሁጎ ገርንስባክ አሜሪካ ውስጥ ሳይንስ ፊክሽን ብቻ የሚያወጣ መጽሔት ሲጀምር የአንባቢዎችን ደብዳቤ ከነአድራሻቸው ያትም ነበር፣ አንባቢዎቹም አድራሻውን እያዩ እርስ በርስ መጻጻፍ ጀመሩ፣ ከዛ መጻጻፉ አልበቃ ሲላቸው የራሳቸውን ትንንሽ መጽሔት ማባዛት፣ የመጀመሪያው ፋንዚን የሚባለው በ1930 ቺካጎ ላይ ወጣ። ፋንዚን የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከ10 አመት በኋላ ነው፣ ልጆቹ ሥራውን ሲሠሩት ስም አልነበረውም ማለት ነው።

አንድ ወላጅ ደሞ "ለልጄ ምን ይጠቅመዋል?" ብለው ቢሮ ድረስ መጥተው ነበር፣ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፣ እዛ ጋ በደንብ አልመለስኩላቸውም፣ እዚህ ልመልስ። በጥር 1937 እንግሊዝ ሊድስ ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሃያ ገደማ አድናቂዎች ተሰብስበው ነበር፣ ብዙዎች የመጀመሪያው ኮንቬንሽን (የአድናቂዎች ጉባኤ) ነው የሚሉት ይሄንን ነው። ከነሱ አንዱ በኋላ ታዋቂ የሳይንስ ፊክሽን ጸሐፊ የሆነው የ19 አመቱ አርተር ክላርክ ነበር፣ በ1945 ደሞ ያው ሰውዬ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሶስት ሳተላይት ቢቀመጥ አለምን በሙሉ ማገናኘት ይቻላል ብሎ ጻፈ። የኛ ልጆች ሁሉ እንደዛ ይሆናሉ አላልኩም። ጊዜ ማባከኛ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም።

ፋንዚናችን ሁለት ቁጥር ወጥቷል። የመጀመሪያውን ልክ እንደ ድሮዎቹ እናባዛው ብለን ጀላቲንና ግሊሰሪን አሙቀን ትሪ ላይ አፈሰስነው፣ ሲረጋ ጽሑፉ የተጻፈበትን ወረቀት በፊቱ ትደፋበታለህ፣ ቀለሙን ይመጠዋል፣ ከዛ ንጹህ ወረቀት እየለጠፉ ማንሳት ነው፣ በየኮፒው እየደበዘዘ ይሄዳል። የመጀመሪያው ዙር አልረጋም፣ ሾርባ ሆነ። በሁለተኛው 17 የሚነበብ ኮፒ አገኘን። ቀለሙ ባዮሎጂ ላብ ስላይድ የሚቀልሙበት ሐምራዊው ነበር፣ ጓንት አድርጉ ብያለሁ፣ ማን ሰምቶኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ የክበቡ አባል በጣቱ ይታወቅ ነበር። (የሒሳብ መምህራችን ለጠፋው የአስተማሪ ጠረጴዛ ልብስ እኔን መጠየቅ ይችላሉ።) ሁለተኛውን ቁጥር በፎቶኮፒ አወጣነው፣ የማንን ወረቀት እንደተጠቀምን ባልናገር ይሻላል።

የመጀመሪያው ቁጥር ላይ የአንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ታሪክ ነበር፣ ልጁ ማርስ ላይ ነው እናቱ መሬት ላይ፣ በሬዲዮ እንደ ስልክ ያወራሉ። ታሪኩ ደህና ነበር፣ ደህና ብቻ። በሚቀጥለው ማክሰኞ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አይቻት የማላውቅ ልጅ፣ አራት ገጽ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወጣች። አንዱ ገጽ ሙሉ ስሌት ነው፦ የማርስና የመሬት አማካይ ርቀት 225 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ ሬዲዮ በሴኮንድ ለሚሄደው 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲካፈል 750 ሴኮንድ፣ 12 ደቂቃ ተኩል፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ከስሩ "ስለዚህ አይጨዋወቱም፣ ይጠባበቃሉ" ይላል። ልጁ መጀመሪያ አኮረፈ። ከዛ ታሪኩን እንደገና ጻፈው።

አመቱ ሊያልቅ ሲል ጎረቤት ትምህርት ቤት ሄደን የግማሽ ቀን ኮንቬንሽን አደረግን። ኒውዮርክ ላይ በ1939 የመጀመሪያው የአለም ኮንቬንሽን ሲደረግ 200 ገደማ ሰው ነበር የመጣው፣ እኛ 61 ነበርን፣ ያንን አስቡት። እነሱም ጋ ሁለት ሰው የወደፊት ዘመን ሰው መስሎ ለብሶ መጥቷል፣ እኛም ጋ አንድ ሮቦት ከካርቶን ነበረ፣ በበሩ አልገባ ብሎ በጎን አስገባነው። ልጁ ተነስቶ አዲሱን ታሪክ ማንበብ ጀመረ፣ ማርስ በጣም በምትቀርብበት ቀን ነው፣ እናትየው ሬዲዮኑን ከፍታ "በልተሃል?" ትላለች። ልጁ ወረቀቱን ዝቅ አደረገና ዝም አለ። ረሳው ብዬ ልነሳ ነበር፣ ለካ ያቺ ደብዳቤ ጸሐፊዋ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ሰአት ይዛ ተቀምጣለች። አንደኛው ደቂቃ ላይ ሳቅ ነበር፣ ሁለተኛው ላይ ወንበር ይንቋቋል፣ ሶስተኛው ላይ ማንም አልተንቀሳቀሰም። እስክሪብቶዋን ከፍ ስታደርግ "ደረሰው" ብሎ አነበበ። ቀጥሎ ቀና አለና "መልሱም ሶስት ደቂቃ አለው" ሲል ከኋላ ከማላውቃቸው ልጆች አንዱ "እንጠብቃለን!" ብሎ ጮኸ፣ ጠበቅንም። ሁለት ፕሮግራም ተሰረዘብን፣ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ያልተሳካም አለ። ፋንታሲ (የአስማት ልብ ወለድ) ከሳይ-ፋይ ይቆጠራል አይቆጠርም በሚል ተጣልተን አራት ልጆች ወጡ፣ ሁለቱ ተመልሰዋል። (በ1939ኙ የኒውዮርክ ኮንቬንሽን ስድስት ሰዎች በር ላይ ተከልክለዋልና እኛ እንሻላለን።) የመጻሕፍት መደርደሪያ ተፈቅዶልናል፣ ቁልፉ ግን እስካሁን አልተገኘም። ለሌሎች ክበቦች ማልያ ሲገዛ ደስ ብሎኛል፣ እኛ የምንጠይቀው ወረቀት ነው፣ አንድ ካርቶን።

ሶስተኛው ቁጥር 28 ገጽ ተጽፎ አልቋል፣ ወረቀት እየጠበቀ ነው። ዋጋው የድሮ ፋንዚን አዘጋጆች "የተለመደው" የሚሉት ነው፦ ደብዳቤ ጻፉልን ወይ ጽሑፍ ስጡን ወይ የራሳችሁን ፋንዚን አምጡና እንለዋወጥ። ደብዳቤ ያልጻፈ ኮፒ አያገኝም ብለው ልጆቹ ወስነዋል፣ ለርዕሰ መምህራችንም አንድ ኮፒ ለይተን ይዘናል፣ ደብዳቤያቸውን እየጠበቅን ነው።