ለጫማ ሠሪው ሦስት ሳምንት እንስጠው

ሰላም የዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁን ሁልጊዜ የማነበው ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ ነው። ሰሞኑን ታዲያ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት በስልክ «ነገ ካልደረሰ ይቅርብኝ፣ ቀብዴን መልስልኝ» ሲል ሰማሁት። በእጅ የሚሰፋ ጫማ አዝዞ ነው። ነገሩ ከሆዴ አልወጣ ስላለ ነው የምጽፍላችሁ።

አምና ለሥራ ጣሊያን ሄጄ ፍሎረንስ አራት ቀን ሰንብቻለሁ። ከተማዋ ዘናጭ ናት፣ ሰዉም መልበስ ያውቅበታል። እኔን የያዘኝ ግን ሳንታ ክሮቼ ገዳም ውስጥ ያለው የቆዳ ሥራ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የፍራንሲስካን መነኮሳት ከሁለት የቆዳ ባለሙያ ቤተሰቦች ጋር ሆነው፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወላጅ ያሳጣቸው ልጆች ሙያ እንዲይዙ ብለው የከፈቱት ነው። ዛሬም ገብቶ ሠራተኞቹን ማየት ይቻላል። አንዲት ሴትዮ ቦርሳ ስትሰፋ ቆሜ አየኋት። በወስፌ ትበሳለች፤ አንዱን ክር በሁለት መርፌ ይዛ ከግራም ከቀኝም በዚያው ቀዳዳ ታሳልፍና ጠበቅ ታደርጋለች። ደግሞ ወደሚቀጥለው። እንዲህ የተሰፋ ነገር አንድ ቦታ ቢበጠስ እንኳ ተተርትሮ አያልቅም። ከዚያ የቆዳውን ጠርዝ በሰም ማሸት ጀመረች፣ እስኪያበራ ድረስ። ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ገዢዋ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እያየች ነበር፣ ደስ ብሏት።

ቆዳው ራሱ ጊዜ የበላ ነው። ክሮም በሚባለው ኬሚካል ቢሆን በአንድ ሁለት ቀን ይለፋል፤ እነሱ ግን ከዛፍ በሚወጣ ታኒን ሳምንታት ወስደው የሚያለፉት አለ። እሱ እያደር ቀለሙ ይበስላል፣ ሲያረጅ ያምራል።

ፖንቴ ቬኪዮ ድልድይ ላይ ደግሞ ወርቅ ሠሪዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1593 ፍሎረንስን ያስተዳድር የነበረው ቀዳማዊ ፈርዲናንዶ ሥጋ ቤቶቹን አስነስቶ ቦታውን ለእነሱ ሰጠ፤ ይኸው ከ400 ዓመት በላይ ሆናቸው፣ እዚያው ናቸው። ያን ሳይ የእኔ ጫማ ሠሪ ትዝ አለኝ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ሱቁን ለቆ ወጣ። ደንበኛ ሁሉ ተበተነበት። እኔም ያገኘሁት ስንት ቦታ ጠይቄ ነው።

ጋሼ እግሬን ወረቀት ላይ አስቁሞ በእርሳስ ዙሪያውን ይስላል፣ ጫማው የሚወጠርበትን የእግር ቅርጽ ያለው ፎርማ ይመርጣል፣ ማስቲሹ እስኪደርቅ ይጠብቃል። ፎርማ፣ ማስቲሽ፤ እነዚህን ቃላት ፍሎረንስ ውስጥ ስሰማቸው እንዴት እንደደነቀኝ! ቋንቋው አንድ፣ እጁ አንድ። ቆዳስ ቢሆን? የደጋ በጋችን ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ የውጭ ጓንት ሠሪዎች የሚፈልጉት ነው። የጎደለን ለሠሪው የምንሰጠው ክብርና ጊዜ ነው። ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፣ ብረት የሚሠራውን «ቀጥቃጭ» እያልን የሰደብን ሰዎች ነን እኮ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ዛሬ ስድቡ ቀርቷል ብንል እንኳ «ለነገ አድርስልኝ» የሚለው ጥድፊያ ያው ንቀት ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የሚሰማኝ። ሰውዬው ሦስት ሳምንት ያስፈልገኛል ሲል እያታለለን አይደለም፣ ሥራውን እየነገረን ነው።

እባካችሁ በሳምንት አንድ ጥግ ለእነዚህ ሰዎች ስጡልን። አንድ ባለሙያ፣ አንድ ሥራ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እጁን በፎቶ ቀርባችሁ እያሳያችሁ። ስንት ቀን እንደፈጀበትም ጻፉ፣ አንባቢ ይወቀው። ከጋሼ መጀመር ከፈለጋችሁ ጋዜጠኛችሁን ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ ጥሩ ስለሆነ ስፌት የሚሠራው ያኔ ነው።

አክባሪያችሁ፣
ከፒያሳ