ለልጄ፤ የንድፍ ማስተማሪያ ስቱዲዮ ከመግባትሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

በሥነ ሕንፃ ትምህርት ክፍል በረዳት መምህርነት መቀጠርሽን በስልክ ስትነግሪን እናትሽ እልል ስትል እኔ ዝም ማለቴን ሳትታዘቢ አልቀረሽም። ደስታዬ አንሶ ሳይሆን የራሴ የመጀመሪያ ዓመት ትዝ ብሎኝ ነው፤ ይኸው ዛሬ የደሴ ጉም እስኪገልጥ ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ።

ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ኮምቦልቻ ላይ ለአንድ ትምህርት ቤት የመማሪያ ክፍሎች ንድፍ እንድሠራ ተጠየቅሁ። ደሴ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ፀሐይ እንደ ልብ ይግባ ብዬ ትልልቆቹን መስኮቶች ወደ ምዕራብ አዙሬ፣ ቆርቆሮውንም ዝቅ አድርጌ ሣልኩት። ሕንፃው አልቆ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ብሄድ፣ መምህሩ ተማሪዎቹን አውጥቶ ዛፍ ጥላ ሥር ያስተምራል። የግቢው ዘበኛ ነዳፊው እኔ መሆኔን ሳያውቅ፣ «ይኼን የሠራው ሰው ብርድ የሚፈራ ነው መሰል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የዚያን ያህል ያስተማረኝ ጁሪ፣ የንድፍ ገምጋሚዎች ጉባኤ፣ አልገጠመኝም።

ለጀማሪ ተማሪዎቼ አንድ ቤተሰብና አንድ በጀት ሰጥቼ ሁለት ቤት የማሠራቸው ለዚህ ነው፤ አንዱን ደሴ፣ ሌላውን ኮምቦልቻ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ስንጨርስ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብለናልና ካፖርቱ ይወልቃል። ሁለቱን ቤቶች በአንድ ፕላን ያመጣልኝን ተማሪ አልቆጣውም፤ አውቶቡስ ተሳፍሮ ደርሶ እንዲመለስ ብቻ አዘዋለሁ።

ላሊበላ ስወስዳቸውም ሁሉም ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ሆነው ፎቶ ለማንሳት ይሻማሉ። እኔ ግን ወርደው ውኃው በየት እንደሚሄድ እንዲከተሉ አደርጋለሁ፤ ከጣሪያው በአሸንዳ፣ ከግቢው በቦዩ። ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ሕንፃ ነውና ያለ ቦታው የተጠረበ ድንጋይ ተመልሶ አይለጠፍም፤ ጠራቢው የመጨረሻውን ወለል ሳይደርስበት አስቀድሞ በልቡ መያዝ ነበረበት። ሴክሽን፣ ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች ቆርጦ ውስጡን የሚያሳየው ሥዕል፣ ምን እንደሆነ ከዚያ የተሻለ የሚያስረዳ ሰሌዳ አላውቅም።

ስለ ጁሪ ደግሞ ልንገርሽ። ተማሪ ሳለሁ ሦስት ሌሊት ያደርኩበትን ሞዴል አንድ መምህር በክርኑ ገፋ አድርጎ «እንደገና» ብሎኝ አለፈ። የቱ ግድግዳ እንደተሳሳተ አልነገረኝምና ያተረፍኩት ፍርሃት ብቻ ነበር። የሚያሳፍረኝ ግን እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያንኑ መድገሜ ነው። አሁን አስተያየት ከመስጠቴ በፊት፣ «እንግዳ ሆነህ ከውጭ በር ግባና ቡና የሚፈላበት ድረስ በጣትህ አድርሰኝ» እላለሁ። ባለፈው አንዱ ልጅ ጣቱ ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳ ላይ ቆመችበት፤ ለጓዳው በር አልሠራለትም ነበር። ለረዥም ጊዜ ዝም ብሎ አየውና እርሳሱን አነሳ። እኔ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

አንቺም በመጀመሪያው ሳምንት ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥ አብሽሪ፤ እነሱ ካንቺ ይልቅ ፈርተዋል።

የልኬት ሜትሬን በዘመድ ልኬልሻለሁ። የመጀመሪያዎቹ 10 ሳንቲ ሜትሮች ቁጥራቸው ስለጠፋ ከ10 ጀምረሽ ለኪ፤ ኋላ መቀነሱን ግን እንዳትረሺ፣ እኔ ሁለት ጊዜ ረስቻለሁ።

አባትሽ
ደሴ