ጣናን አይተነዋል፣ ድምፁን ግን አልሰማንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የፊልም ገጻችሁን ሳናነብ አናልፍም። ሰሞኑን የወጡትን ፊልሞች እያነሳችሁ ታሪኩ ተንዛዛ፣ ተዋናይዋ አልቅሳ አስለቀሰች፣ መጨረሻው ገና ከፖስተሩ ይታወቃል ትላላችሁ። አብዛኛው ልክ ነው። ስለ ድምፅ ግን አንዲት መስመር ጽፋችሁ አላየንም። ከሲኒማ ቤት የወጣ ተመልካች «ፊልሙ አደከመኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የደከመው ጆሮው ነው። ምን እንደተባለ ለመያዝ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጣጣር ያመሸ ሰው ታሪኩን በምን አቅሙ ይከተል?

ከራሳችን ከተማ እንጀምር። ባሕር ዳር ላይ የሚቀረጽ ፊልም መክፈቻው የታወቀ ነው። ድሮን ይነሳል፣ ጣና ላይ ያንዣብባል፣ ዘንባባዎቹን አልፎ ዓባይ ድልድይ ላይ ያርፋል። ያምራል፣ አንክድም። ከዚያ ፍቅረኞቹ ውሃው ዳር ይቀመጣሉ፤ ከጀርባቸው የሚሰማው ግን የውቅያኖስ ማዕበል ነው! ከኢንተርኔት የወረደ፣ ከሩቅ እየተንከባለለ መጥቶ አሸዋ ላይ የሚፈርስ ማዕበል። ጣና አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ ነው። ሞገዱ አጭርና ችኩል ነው፤ ጥቁሩን ድንጋይ ጠፍ ጠፍ ያደርገዋል፣ ደንገሉ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሹክሹክታ ይሆናል። በአንዱ ፊልም ሽማግሌው በታንኳ ሲመጡ የተለጠፈባቸው የእንጨት ጀልባ ሲጥ ሲጥታ ነው። ታንኳ የሚታሰረው ከደንገል ነው፤ ውሃ ይጠጣል እንጂ ሲጥ አይልም። ይህን የዘጌ ሕፃን ያውቀዋል። የሚያስቆጨው፣ ትክክለኛውን ድምፅ ለመቅረጽ ማይኩን ወደ ውሃው አዙሮ ሁለት ደቂቃ ዝም ማለት ይበቃ ነበር።

ሁለተኛው ጣጣ ነፋስ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳር መንፈስ ይጀምራል። ቀረጻው ደግሞ ሁልጊዜ የሚጀመረው ሜካፕ አልቆ፣ ቁርስ ተበልቶ፣ 5 ሰዓት ላይ ነው። ንግግር ያለበት የሐይቅ ዳር ትዕይንት ከ4 ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት። የማይኩ ስፖንጅ ብቻውን ለውጭ ቀረጻ አይበቃም፤ በላዩ ጸጉራሙ ሽፋን ይደረግ፣ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን ጉርምርምታም ሲቀረጽ ከምንጩ መቁረጥ ነው። ነፋሱ ማይኩን መትቶ ድምፁ አንዴ ከተሰባበረ በኋላ የትኛውም ኤዲተር አይመልሰውም። ካሜራው ላይ የተሰካውን ማይክ የሚያምኑ ደግሞ አሉ። 3 ሜትር ርቆ የቆመ ማይክ የሚሰማው ባጃጁን ነው፤ ቡሙ፣ ማለትም በረጅም ዘንግ የሚያዘው ማይክ፣ ከተዋናዩ አፍ ግማሽ ሜትር ገደማ ይጠጋ፣ ካሜራው ከሚያየው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ። ልብስ ውስጥ የሚደበቀው ትንሹ ማይክ በነጠላ ሥር ሲሆን እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፤ በፕላስተር ግራና ቀኙ ካልተያዘ ተዋናይዋ አንገቷን ባዞረች ቁጥር ይሰማል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የሚያናድደን የሚዘለው ድምፅ ነው። እሷ ስትናገር ከጀርባዋ ባጃጅ ያልፋል፤ ወደ እሱ ሲቆረጥ ባጃጁ ድርግም ይላል፤ ወደ እሷ ሲመለስ እንደገና ካለበት ይቀጥላል። በአንድ የፍቅር ፊልም ይህ በአንድ ምሳ ላይ ደጋግሞ ሲመጣ አዳራሹ መሳቅ ጀመረ፤ ትዕይንቱ የመለያየት ነበር። መፍትሔው ከጥንትም አለ። ከቦታው ከመነሳት በፊት ሁሉም ሰው ባለበት ቆሞ፣ ማይኩም ሳይነቃነቅ፣ ባዶውን የቦታ ድምፅ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ መቅረጽ። ኤዲተሩ ያንን ከሥር አንጥፎ ስፌቱን ይሸፍንበታል። ቤት ውስጥ ከሆነ ፍሪጁ ይነቀል። የሠለጠኑት የመኪና ቁልፋቸውን ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ቁልፉን ፍለጋ ሲመለሱ ፍሪጁን መልሰው መሰካቱን አይረሱም፣ የቤቱ ባለቤትም ወተት አይበላሽም።

«ግድ የለም፣ ዳቢንግ እናደርገዋለን» የሚል ዳይሬክተር ሲገጥማችሁ ሥጉ። ስቱዲዮ ገብቶ የተደገመ ድምፅ ሜዳ ላይ የቆመውን ሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ያስገባዋል። ተዋናዩ ማይኩ ላይ ተለጥፎ ያንሾካሽካል፣ ምስሉ ላይ ግን ከወንዝ ማዶ እየተጣራ ነው። ማድረግ ግድ ከሆነ ከማይኩ ራቅ ብሎ፣ ቆሞ፣ በዚያው ጉልበት ይጣራ፤ ከሥሩም የዚያው ቦታ ድምፅ ይነጠፍ። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) በሚሄድ ፊልም አንድ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው፤ ከንፈርና ቃል ሁለት ሦስት ፍሬም ከተላለፉ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ምስሉን በስልክ፣ ድምፁን ለብቻው የሚቀርጹ ጀማሪዎችም ይኸው ይገጥማቸዋል። ስልኩ የፍሬሙን ፍጥነት እንደ ብርሃኑ ስለሚቀያይር በክላፑ፣ ማለትም ቀረጻ ሲጀመር በሚጨበጨበው ሰሌዳ፣ የገጠመው ድምፅ ቆይቶ ይንሸራተታል። አጭር አጭር እያደረጉ መቅረጽ፣ የድምፅ መቅረጫውንም የናሙና መጠን (ሳምፕል ሬት) 48 ኪሎኸርዝ ላይ ማድረግ ይረዳል።

ስለ ታሪካዊዎቹ ፊልሞች አንድ ቅሬታ አለን። በገና የዐቢይ ጾም መሣሪያ መሆኑን እያወቅን የግብር አዳራሽ ውስጥ ጠጅ ሲቀዳ፣ ጉልላት የሚነቀንቅ ፉከራ ሲወርድ ከሥር በገና ይደረደራል። ማሲንቆ ምን አጠፋ? የገጠሩ ሰው አነጋገርም ለብቻው ደብዳቤ ይወጣዋል። የጎጃም ሰው «ከ»ን «ኸ» ማለቱ እውነት ነው፤ ተዋናዩ ግን ፊደሏን በየቃሉ ላይ እየለጠፈ ሲጮህ ይውላል። ጎጃሜነቱ ያለው ዜማው ላይ ነው፤ እዚህ አንድ ሳምንት ገበያ ለገበያ ዞሮ ቢያዳምጥ ይይዘው ነበር።

ኮሜዲዎቹን እንተዋቸው። ቀልዱ ባለቀ ቁጥር «ቦይንግ» የሚል ድምፅ ካልተጨመረ ሕዝቡ መሳቅ ያለበት ቦታ የማይገባው ይመስላቸዋል። የቴሌቪዥን ድራማዎቹ በዚህ በኩል ይሻላሉ፣ ሴራሚክ በለበሰ ሳሎን ውስጥ እስካልተቀረጹ ድረስ። ለእሱም ከካሜራው ጀርባ ሁለት ሦስት ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ቢሰቀል ማስተጋባቱ ይቀንሳል።

ከድምፅ ወጣ ብለን ስለ ብርሃን አንድ ነገር ብቻ። የሬስቶራንት ትዕይንቶች ላይ ምስሉ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ጥላ ስታዩ ዓይናችሁን አትጠርጥሩ። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፤ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። የካሜራው ሻተር (አንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ሲሆን ይታረቃሉ፣ 1/60 ላይ ሲተው ይጣላሉ።

«ገንዘብ የለንም» የሚለውን መልስ ከወዲሁ እንሰማዋለን። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ሲያገኝ፣ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 ካን ሲገባ የውጭ አጋር ነበራቸው፤ እውነት ነው። እኛ የዘረዘርነው ግን ጋቢ፣ ፕላስተርና አንድ ደቂቃ ዝምታ ነው። ለድሮን ኪራይ የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ ቀን የድምፅ ባለሙያ ቢሆን ከዚህ ሁሉ ግማሹ አይፈጠርም ነበር።

የፊልም ገጻችሁ አዘጋጆች ቀጣዩን ፊልም ስታዩ መሐል ላይ አምስት ደቂቃ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ሰዎቹ የት እንዳሉ፣ ቤት ይሁኑ ደጅ፣ ቀን ይሁን ሌሊት በጆሮ ብቻ ካልታወቃችሁ ያንን ጻፉት። ከዚያም መብራቱ ቢበራም አትነሱ፣ ስም ዝርዝሩን ጠብቁ። የሜካፑ ባለሙያ፣ ሹፌሩ፣ ምግብ ያቀረበችው እናት፣ ቤታቸውን የፈቀዱ ሁሉ ተመስግነዋል፤ ይገባቸዋልም። «ድምፅ ቀረጻ» ከሚለው ጎን ግን ብዙ ጊዜ የምታገኙት የካሜራማኑን ስም ነው። በዚያች ሰዓት ቡሙን ማን ይዞት እንደነበር ዳይሬክተሩን ጠይቁልን።

በፊልምና በድምፅ ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ
ባሕር ዳር