ጉዳዩ፦ ኅዳጉ ተቆርጦ ስለተመለሰልኝ የባቡር ፖስተር

ለፍሬም ሥራ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ለንደን

ባለፈው ሐሙስ በስልክ «ጋሼ፣ የተቆረጠው እኮ ባዶ ወረቀት ነው፤ ሥዕሉ አልተነካ፤ ምን ጎደለብዎት?» ተብሎ ስለተመለሰልኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስት የተለያየ መልስ ተሰጥቶኛል፤ በአካል ስመጣም «ባለሙያው ዛሬ የለም» ተብዬ ተመልሻለሁ። ያን ሁሉ በትዕግሥት አልፌዋለሁ፤ የሐሙሱን ግን ማለፍ አልቻልኩም።

ፖስተሩን ጠረጴዛችሁ ላይ ዘርግቼ፣ የስኮትላንዷን የኖርዝ ቤሪክ ከተማ የጎልፍ ሜዳና ከባሕሩ መካከል ብቻውን የቆመውን ባስ ሮክ የተባለ ዐለታማ ደሴት እያየን፣ የታችኛውን ኅዳግ በጣቴ አሳይቼ «ይህ እንዳይነካ፤ ጀርባውም ሙጫ እንዳይነካው» ብዬ ለባለሙያችሁ አደራ ሰጥቼዋለሁ። እርሱም «ምንም አያስቡ ጋሼ፤ አንድ ሚሊ ሜትር አይነካም» ብሎ ይህንኑ በደረሰኙ ጀርባ በእጁ ጽፎልኛል። ደረሰኙ እጄ ላይ አለ።

ምን እንደጎደለብኝ ስለተጠየቅሁ እመልሳለሁ። እነዚህ ፖስተሮች የለንደንና ሰሜን ምሥራቅ ባቡር ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1923 እስከ 1947 በነበረበት ዘመን፣ መንገደኛውን ወደ ስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ የጎልፍ ሜዳዎች ለመሳብ በየጣቢያው ይለጥፋቸው የነበሩ ናቸው፤ ጊዜያቸው ሲያልፍ ሌላ ይለጠፍባቸው ስለነበር ደህና ሆነው የተረፉት ጥቂት ናቸው። የእኔው ኦሪጅናል መሆኑን የማስረዳው በማጉያ መነጽር ሲታይ ቀለሙ እንደ ዘመናዊ ቅጂ በሥርዓት በተደረደሩ ነጠብጣቦች ሳይሆን ሊቶግራፍ በሚባለው የድንጋይ ወይም የብረት ሰሌዳ ኅትመት ሙሉ ሆኖ በመቀመጡ፣ መጠኑም የዘመኑ መደበኛ ልክ 101.6 በ63.5 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ፣ በኅዳጉ ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል የአታሚው ስም በመኖሩ ነበር። አሁን ቁመቱ 97 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የአታሚው ስም የለም። ባዶ ወረቀት የተባለው ይህ ነው። ጀርባውም በሙቀት ከካርቶን ጋር ተጣብቋል፤ አንዱን ጥግ ቀስ ብዬ ላነሣው ስሞክር ወረቀቱ መሰንጠቅ ስለጀመረ እጄን ሰብስቤያለሁ።

በሁለት ሳምንት ይደርሳል የተባለው ሥራ ሰባት ሳምንት መፍጀቱንና ከመስታወቱ በስተውስጥ የአውራ ጣት አሻራ መቅረቱን እስከ ዛሬ አላነሣሁም ነበር። ጸሐይ የሚከላከል መስታወት ብዬ ተጨማሪ ከፍያለሁ፤ የገባው ግን ያ ስለመሆኑ ማረጋገጫ እንዲሰጠኝ ብጠይቅም አልተሰጠኝም።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ይቅርታና የፍሬሙን ዋጋ ብቻ ነበር። አሁን ግን የከፈልኩት ገንዘብ በሙሉ እንዲመለስልኝ፣ ፖስተሩን ከካርቶኑ የሚያላቅቅ የወረቀት ጥገና ባለሙያ ወጪ እንዲሸፈንልኝ፣ በገለልተኛ ገማች የሚታወቀው የዋጋ ቅናሽም እንዲካስልኝ እጠይቃለሁ። በ14 ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካልደረሰኝ ጉዳዩን ደረሰኙን ይዤ ወደ ፍርድ ቤት እወስዳለሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የተቆረጠው ቁራጭ ገና ካልተጣለ፣ ሳይጠቀለልና ሳይታጠፍ በሁለት ንጹሕ ካርቶኖች መካከል ተቀምጦ እንዲቆየኝ በአክብሮት እለምናለሁ፤ ዛሬውኑ ደውሉልኝና ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ